የባዳው መኪና ታኮ

ሚጣ ግቢው መሃል ቆማ ነበር። የእንጨቱን ታኮ እንደ አሻንጉሊት ደረቷ ላይ አቅፋለች። አታለቅስም፤ ዓይኗ ብቻ ቁልቁል ወደ ብረት በሩ ፈጧል። አያቷ የኩሽናውን ቧንቧ ሳትዘጋ፣ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ስትወጣ መጀመሪያ ያየችው ሕፃኗን ነው፤ ቀጥሎ ሕፃኗ የምታየውን አየች።

መኪናው ከላይ ከቆመበት ቁልቁል ወርዶ በሩ ላይ ተለጥፏል። በመኪናው ጀርባና በብረቱ መካከል መምህሩ አለ፤ የልጇ ባል፣ የሚጣ አባት። ራሱ ወደ ትከሻው ዘንበል ብሏል፤ አንድ እጁ አሁንም መቀርቀሪያውን እንደጨበጠ ነው። የሞተሩ ድምፅ የለም፤ ግቢው ጭር ብሏል።

አሮጊቷ ወዲያው ጮኸች ቢባል ውሸት ነው። መጀመሪያ ታኮውን ከሕፃኗ እጅ መንጭቃ ሹራቧ ስር ከተተችው። ጎንበስ ብላም፣ «ማንም ቢጠይቅሽ እንጨት አላየሁም በይ። ሰማሽ? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለቻት በሹክሹክታ።

ሚጣ ራሷን ነቀነቀች። ጩኸቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

መኪናው የእነሱ አልነበረም። የእነሱዋ ስትነሳ ጭው ጭው ስለምትል ሚጣ «ጫጩቷ» የምትላት፣ ገና ዋስትናዋ ያላለቀ መኪና ናት። ካምቢዮዋ አልታዘዝ ሲል መምህሩ ለሻጩ ኩባንያ ጋራዥ አስረከባት፤ እንደወጣች ቀረች። የጋራዡ ኃላፊ በተደወለለት ቁጥር «ዕቃው መንገድ ላይ ነው፤ ነገ ይሞክሩን» ስለሚል ቤተሰቡ «አቶ ነገ» የሚል ስም አወጣለት። ጥገናው ሲራዘም ተለዋጭ መኪና መስጠት የጋራዡ ግዴታ ነው፤ ዳሩ ግን መምህሩ ደጅ ሲጠና ከርሞ የሚሰማው አላገኘም። ኋላ አንድ ቀን አቶ ነገ ራሱ፣ ያለ ልማዱ፣ ተለዋጩን እየነዳ ደጃፍ ድረስ መጣ። ነዳጅ እንኳ ሞልቶበት! አሮጊቷ «ሰው ሲቸገር የማይወድ፣ የተባረከ» ብላ መርቃው ነበር።

ተለዋጩ ያረጀ፣ የእጅ ፍሬኑ የማይዝ መኪና ነው። ሚጣ «ባዳው» አለችው፤ ስሙ ጸደቀ። ግቢው ከቤቱ ወደ በሩ ቁልቁለት ስለሆነ መምህሩ ከጠንካራ እንጨት ታኮ ጠረበለት። ጠዋት ጠዋት ሥርዓቱ አንድ ነበር። ባዳው ፊቱን ወደ ቤት፣ ጀርባውን ወደ በር እንዳደረገ ሞተሩ ይነሳና ይሞቃል፤ ይዞ የሚያቆመው ከኋላ ጎማው ስር የተሸጎጠው ታኮ ብቻ ነው። መምህሩ ወርዶ በሩን ይከፍታል፤ ተመልሶ መሪው ላይ ይቀመጣል፤ «በይ ጎበዜ!» ሲል ሚጣ ታኮውን ትጎትታለች። ለእሷ በዓለም ላይ ከዚህ የሚበልጥ ሥራ አልነበረም።

አሮጊቷን ያንገበገባት ይኸው ነው። ልጅ ልጅ ነው። አባቷ ወደ መኪናው ሳይመለስ፣ ጊዜው የደረሰ መስሏት ስባው ቢሆንስ? ማንም ሕፃን አያስርም፤ ግን ነገሩ ከታወቀ ልጅቱ ዕድሜ ልኳን ራሷን ማሰሯ ነው። ስለዚህ ታኮውን ከአልጋዋ ስር፣ ከክረምት ልብሶች መሃል ቀበረችው። ሌሊት ሌሊት እንጨቱ ከስሯ የሚተነፍስ ይመስላታል።

ትራፊኮቹ መጥተው «በፍሬን ሳይዘው ትቶት ነው የተንሸራተተው» አሉ። ባዳውን ሊያስነሱት ቢሞክሩ ቁልፉ እንደተከፈተ ነው፤ ሞተሩ ግን እምቢ አለ። ግጭቱ ያበላሸው መስሏቸው እየጎተቱ ወሰዱት። ነገሩ በዚህ በተዘጋ ነበር። ግን ጎረቤት ጆሮ አለው፤ ጆሮ ብቻ ሳይሆን አፍም አለው። መምህሩ በሞተበት ዋዜማ ማታ የሚጣ እናት ባሏን «ይህ መኪና ይቅበርህ!» ስትል መሰማቷ ፖሊስ ጣቢያ ደረሰ። በማግስቱ መርማሪዋ መጣች።

ቀጭን ናት፤ መነጽሯ በክር ከአንገቷ ተንጠልጥሏል። ሰው ሲያወራ መሃል ላይ «ቆይ እስቲ» ስለምትል ባልደረቦቿ «ቆይስቲ» ይሏታል። የሐዘን ቤቱን ወንበር ስባ ከሚጣ እናት ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ማታ ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ተጣልተናል። ይቅበርህ ብዬዋለሁ።» የሚጣ እናት ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም። «ቀበረው።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«ደብቆኝ ነዋ! ጋራዥ ሄዶ ጫጩቷን አይቷት ከመጣ ወዲህ እህል አልቀምስ፣ እንቅልፍ አልተኛ አለ። ምን ሆንክ ስለው ‹ሳላጣራ ሰው አላማም› ይለኛል። ሌላ ሴት መሰለኝ። ከአፌ ነው የወጣው እንጂ…»

«ቆይ እስቲ። መኪና ይነዳሉ?»

«እነዳለሁ። በዚያ ሰዓት ግን ገላዬን እየታጠብኩ ነበር። አየኝ የሚል ሰው የለም፤ ሲታጠቡ ምስክር አይጠራም።»

አሮጊቷ ከበሩ ጀርባ ሆና ይህን ሰማች። ሕፃኗን ብትሸሽግ ልጇ ልትወሰድ ነው። ልጇን ልታድን ብትናገር ሕፃኗ ትጠፋለች። ሁለት ዓይን ካለው ሰው የትኛውን አውጣ ይሉታል?

ሁለተኛው ተጠያቂ የመምህሩ ታናሽ ወንድም ነው፤ ጓሮ ባለው ክፍል ይኖራል። ባዳውን ሳያስፈቅድ ወስዶ ጎኑን ጭሮት ስለመጣ ከወንድሙ ጋር ተኳርፈው ነበር።

«ተኝቼ ነበር፤ የነቃሁት በእማማ ጩኸት ነው» አለ። «ለጭረት ብዬ ወንድሜን ገደልኩ? እንዲያውማ የናፈቀኝ ቁጣው ነው።»

«በመጨረሻ ሲናገር የሰሙት ምን ነበር?»

«ዋዜማው ላይ በስልክ፣ ‹ጠዋት ካልመጣህ ሌላ በር አንኳኳለሁ› ሲል ሰማሁት። ማንን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ኩርፊያ መሃል ምን ይጠየቃል?»

መርማሪዋ ወደ ግቢው ወጥታ ባዳው ይቆምበት የነበረውን ቦታ ቁጢጥ ብላ አየችው። አሮጊቷ እንደ ጥላ ተከተለቻት።

«እማማ፣ ከጎማው ኋላ መሬቱ ጎድጉዷል። ምን ይቀመጥ ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ። ድንጋይ ይሆናል።»

«ድንጋዩስ የት ሄደ?»

«ድንጋይ እግር የለው፤ ሰው አንስቶት ይሆናላ።»

መርማሪዋ መነጽሯን አውልቃ አየቻት። «ሚጣን ባናግራት?»

«ሕፃኗን ተያት!» አሮጊቷ ሳታስበው በሩን በሁለት እጇ ዘጋች። «አባቷን የቀበረች ልጅ ናት። ከፈለግሽ እኔን እሰሪኝ፤ እሷን አትንኪብኝ።»

«እሺ እማማ። ቆይ እስቲ… ለምን እርስዎን አስራለሁ?»

ያን ቀን ሚጣ ምሳም እራትም አልበላችም። «እንጨት አላየሁም» የሚለውን ብቻ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ለራሷ ደጋግማ ስትል ተሰማች።

በሐዘኑ መሃል ስልክ ተደወለ። «መኪናዎ ተጠግኖ አልቋል፤ መጥተው ይረከቡን» ይላል አንድ ትሁት ድምፅ። የሚጣ እናት ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ሳቀች፤ እንዲያ ያለ ሳቅ ለጠላትም አይስጥ። በልጇ ፋንታ አሮጊቷ ሄደች፤ መርማሪዋም አብራት።

ጋራዡ በር ላይ አቧራ የጠጣ የፕላስቲክ አበባ አለ። ከውስጥ መካኒኩ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ከአንድ መኪና ሆድ ስር ይሠራል፤ የሚታየው ጭንቅላቱ ብቻ ነው። አቶ ነገ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ፊቱን አሳዝኖ መጣ።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ እማማ። እንዲህ ያለ ደንበኛ አይገኝም። ያን ዕለት ጠዋት እኮ መኪናዋ አልቃ ልደውልላቸው ነበር!»

«የት ነበሩ ያን ጠዋት?» አለች መርማሪዋ።

«እሷኑ ልሞክር ይዣት ወጥቼ ነበር። በሰፊው መንገድ ሄጄ በሰፊው መንገድ ተመለስኩ።»

ጫጩቷን ለማውጣት መንገዱን የዘጋ ሌላ ተለዋጭ መኪና መነሳት ነበረበት። አቶ ነገ ራሱ ገብቶ ወደ ጥግ አስጠጋው። አሮጊቷ አተኩራ ታየው ነበር፤ ከመውረዱ በፊት ግራ እጁን ከመሪው ስር ሰደድ አድርጎ መለሰ። ጉልበቱን የበላው መሰላት። መርማሪዋ ግን መነጽሯን አጠለቀች።

ከዚያ ጫጩቷ ተነሳች። ጭው፣ ጭው፣ ጭው።

ያ ጠዋት ተመልሶ ከአሮጊቷ ዓይን ፊት ቆመ። እሷ ሳህን ስታጥብ፣ ሚጣ በአንድ ጫማ እየሮጠች ኩሽና ገብታ «እማማ፣ ጫጩቷ መጣች!» ብላት ነበር። ናፍቆት ነው ብላ «ሂጂ ጫማሽን አድርጊ» አለቻት። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ነው መኪናው በሩን ሲገጭ የተሰማው።

መርማሪዋ የጫጩቷን ፊት እየዞረች ታያለች። አንደኛው የፊት መብራት እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቷል፤ ሌላኛው እንደ አሮጊት ዓይን ደፍርሷል።

«ካምቢዮ ታሞ የገባ መኪና ዓይኑ ይቀየርለታል?»

«ለደንበኛ ስጦታ ነው» አለ አቶ ነገ።

በጫጩቷ ወደ ቤት ሲመለሱ አሮጊቷ መንገድ ላይ «አቁሚልኝ» አለች። መርማሪዋ ዳር ይዛ አቆመች። አሮጊቷም ታኮውን ከደበቀችበት ጀምሮ፣ ሕፃኗ በአንድ ጫማ የሮጠችበትን፣ አቅፋው የቆመችበትን ሁሉ እያለቀሰች አፈሰሰችው።

«እኔ እኮ ለእሷ ብዬ ነው ልጄ። አፏን የዘጋሁባት ለእሷ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ እማማ። አሁን ታኮውን ያምጡልኝ። ሚጣ ሌላ ምን አለችዎት?»

«መሬት ወድቆ አገኘሁት ነው የምትለው። እኔ መች አመንኳት!»

መርማሪዋ ታኮውን ተቀብላ ብዙ ሰዓት አገላበጠችው። ከዚያ ሄዳ ባዳውን ብቻዋን ስትፈትሽ ዋለች።

በማግስቱ ጠዋት ባዳው ተጎትቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። አቶ ነገና መካኒኩ «ተለዋጩን ትረከባላችሁ» ተብለው መጡ። የሚጣ እናት፣ የሟቹ ወንድም፣ አሮጊቷና ሁለት ፖሊሶች ግቢው ውስጥ ቆመዋል። ሚጣ በመስኮት ታያለች።

«ይህ መኪና ሰውየው በሞተ ጊዜ ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ጠፍቶ ነው የተገኘው» አለች መርማሪዋ። «ቢሞከርም አልነሳ ብሏል። ዛሬ ግን ይነሳል። አንድ ነገር ላስቸግራችሁ፤ መንዳት የምትችሉ ሁሉ አንድ በአንድ ግቡ፣ አስነሱ፣ አጥፍታችሁ ውረዱ።»

ወንድምየው ገባ፤ አስነሳ፣ ቁልፉን አዙሮ አጠፋ፣ ወረደ። የሚጣ እናት እንደዚያው አደረገች። መካኒኩ ገባ፤ አስነሳ፤ ግራ እጁ ሳያስበው ከመሪው ስር ሄዶ ተመለሰ፤ ሞተሩ ቀጥ አለ፤ ቁልፉን ያዞረው ከዚያ በኋላ ነው። አቶ ነገ መጨረሻ ገባ። ግንባሩን ጠረገ። አስነሳ፤ ቁልፉን ብቻ አዙሮ አጠፋ፤ ወረደ።

«ቆይ እስቲ» አለች መርማሪዋ። «መካኒኩ፣ ምንድነው የነካኸው?»

«ድብቁን ማጥፊያ ነዋ» አለ መካኒኩ ግራ ገብቶት። «ተለዋጭ መኪኖች ሁሉ አላቸው። እንዳይሰረቁ ነው፤ እሱ ካልተመለሰ መኪናው አይነሳም። ስንወርድ መንካት ልማዳችን ነው፤ እጃችን ራሱ ያውቀዋል። ለደንበኛ ግን አይነገርም።»

«ይህ ቤተሰብ ያውቀዋል?»

«ኧረ በጭራሽ።»

«እንግዲህ ሰውየውን የገጨው ሰው ከመኪናው ሲወርድ እጁ በልማድ ማጥፊያውን ነካው። ተንሸራቶ የወረደ ለማስመሰል ሞተሩን እንደተነሳ መተው ነበረበት፤ እጁ ግን ቀደመው።» ወደ አቶ ነገ ዞረች። «ትናንት ጋራዥ ውስጥ ሳታስበው ነክተኸዋል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ዛሬ ሞተሩ ጠፍቶ ተገኘ ስላልኩህ አስበህ ተውከው። ንጹሑ መካኒክ እጁን አልፈራም፤ አንተ ፈራህ።»

«እርስዎ» ወደ «አንተ» መውረዱን ሁሉም ሰሙት።

«እሱም እኮ ማጥፊያውን ያውቃል!» አለ አቶ ነገ ወደ መካኒኩ እያመለከተ።

«ያውቃል። ግን በዚያ ሰዓት ጉድጓዱ ውስጥ ነበር፤ ደንበኞች ቆመው ሲጠብቁት ነው ያረፈዱት። ጫጩቷን ይዘህ የወጣኸው አንተ ነህ፤ በራስህ አፍ ነግረኸኛል። በሰፊው መንገድ አልሄድክም፤ እዚህ ነው የመጣኸው፤ ጫጩቷን ደጅ አቁመህ በጎን ባለው የእግረኛ በር ገብተህ በዚያው ወጣህ። ሕፃኗ ድምፅዋን ሰምታለች፤ ‹ጫጩቷ መጣች› ብላለች። የዋዜማው ስልክም ላንተ ነው፤ ‹ጠዋት ካልመጣህ ሌላ በር አንኳኳለሁ› ያለው አንተን ነው።»

«ለምንድነው ደንበኛዬን የምገድለው?»

«የጫጩቷ ዓይን ለምን ተቀየረ? ጎህ ሲቀድ መንገድ ትጠርግ የነበረች ሴት መኪና ገጭቶ ገደላትና አመለጠ፤ ከአስፋልቱ የመብራት ስብርባሪ ተለቀመ። መኪናው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ለጥገና የገባች መኪናን ማን ይጠረጥራል? አንተ ግን የሰው መኪና ይዘህ ትዝናናባት ነበር። ከዚያ በኋላ ቀድሞም የዘገየው ጥገና ጭራሽ ረዘመ። መምህሩ ጋራዥ እየመጣ እንዳያያትም ስትነፍገው የከረምከውን ተለዋጭ መኪና፣ ሴትየዋ በሞተች ማግስት፣ ነዳጅ ሞልተህ አመጣህለት። እሱ ግን ጋራዥ ሄዶ የተሰበረውን ዓይኗን አየ፤ እንቅልፍ ያጣው ለዚህ ነው። ዛሬ ማለዳ የተሰበረውን መብራት ከጋራዡ ጓሮ፣ ከተጣለው ብረት ስር አወጣነው። ከስብርባሪው ጋር ገጠመ።»

አሮጊቷ የመረቀችውን ምርቃት አስታውሳ ምላሷን ነከሰች።

«ታኮው ደግሞ ይህ ነው።» መርማሪዋ እንጨቱን ከፍ አደረገችው። «መኪናው ተደግፎበት ሳለ ማንም በእጁ ሊስበው አይችልም። የሚወጣው አንድ ሰው መሪው ላይ ተቀምጦ መኪናውን ወደፊት ሸርተት አድርጎ ፍሬን ሲይዝ ብቻ ነው። ስለዚህ መምህሩ ራሱ ነው ያወጣው፤ ያወጣውም ሌላ ሰው መሪው ላይ ሆኖ ፍሬን ይዞለት ነው። ባዳውን መልሰህ ልትወስድ ነበር፤ እሱም ጫጩቷን ይዞ ወደ ፖሊስ ሊሄድ። ታኮውን ጥግ ላይ ጣለው፤ ጀርባውን ሰጥቶህ ቁልቁል ወርዶ…»

«በሩን ለእሱ ነው የከፈተው?» አለች የሚጣ እናት። ድምፅዋ የራሷ አይመስልም።

አቶ ነገ ባዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ለመንኩት» አለ። «ልጆች አሉኝ ብዬ ለመንኩት። ‹የሴትየዋ ልጆችስ?› አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ሄዶ መቀርቀሪያውን ያዘ… እግሬ ነው። እኔ እንጃ፤ እግሬ ነው።»

ፖሊሶቹ አንስተው ወሰዱት። የሟቹ ወንድም የሚጣን እናት ደግፎ ወደ ቤት አስገባት፤ እሷ ግን «ይቅበርህ ብዬው ነበር እኮ» ማለቷን አላቆመችም። እውነቱ ከእስር አዳናት እንጂ ከዚያች ቃል አላዳናትም።

መርማሪዋ ግን አልሄደችም። ባዳውን ቁልቁለቱ ላይ አቆመችው፤ ታኮውን ከጎማው ስር ሸጎጠች፤ ፍሬኑን ለቀቀች። መኪናው ጓ ብሎ ተደገፈበት።

«ሚጣን ይጥሩልኝ እማማ።»

አሮጊቷ ልትከራከር አሰበች፤ ግን ሄዳ ጠራቻት። ሚጣ በአያቷ ጣት ተንጠልጥላ መጣች።

«እንጨት አላየሁም» አለች ገና ሳትጠየቅ።

«አይተሻል፤ ምንም አይደለም» አለች አያቷ። አጠገቧ ተንበረከከች። «ያን ያልኩሽ እኔ ነኝ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ የኔ እናት። በይ አሁን ሳቢው።»

ሚጣ አያቷን አየች፣ መርማሪዋን አየች። ሁለት እጇን ዘርግታ ታኮውን ያዘች፤ ሳበች። እግሯን ጎማው ላይ ተክላ፣ ጥርሷን ነክሳ እንደገና ሳበች። እንጨቱ ከመሬት እንደበቀለ ሁሉ አልተነቃነቀም።

«እምቢ አለኝ» አለች እያለከለከች። «ድሮ እሺ ይለኝ ነበር።»

መርማሪዋ መሪው ላይ ወጣች፣ አስነሳች፣ መኪናውን ወደፊት ሸርተት አድርጋ ፍሬን ያዘች። «በይ አሁን!»

ታኮው በአንድ እጅ ወጣ። ሚጣ እንጨቱን እንደያዘች ቀና ብላ የሾፌሩን ወንበር አየች፤ ሌላ ሰው የተቀመጠበትን። ብዙ ቆይታ አየችው።

«ለካ አባባ ነው ጎበዙ» አለች።

ከዚያ፣ ከዚያ ጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አለቀሰች። አሮጊቷ ከነታኮዋ አቅፋ ወደ ቤት አስገባቻት፤ ቁርሷንም አጎረሰቻት።